የቡጌ ስበት ሞሆውን 47 ኪ.ሜ. ይላል፣ ሪሲቨር ፈንክሽን 40 ይላል፤ የትኛውን ልያዝ?

ትግስት ጂኦ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ ተነስቶ፣ ዋናውን የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ አዳማ አካባቢ አቋርጦ፣ አርሲ ደጋ ላይ የሚያበቃ 300 ኪ.ሜ. ገደማ የሆነ የቅርፊት ሞዴል እየሠራሁ ነው። የስበቱ ዳታ በ2.67 ዴንሲቲ የተሰላ የቡጌ አኖማሊ ነው (የከፍታውና ከባሕር ወለል በላይ ያለው ዐለት ድርሻ ተቀንሶ የቀረው የስበት ልዩነት)። ደጋው ላይ (ከፍታ 2400 ሜትር) −230 ሚሊጋል (የስበት ልዩነት መለኪያ)፣ የስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ (1600 ሜትር) ደግሞ −185 አካባቢ ነው። በቅርፊቱና በማንትሉ መካከል የ0.4 ግ/ሴ.ሜ³ ልዩነት፣ ለዜሮ አኖማሊ የ33 ኪ.ሜ. ውፍረት ይዤ ወደ ሞሆ (የቅርፊቱና የማንትሉ ድንበር) ጥልቀት ስቀይረው ደጋው 47፣ ስምጥ ሸለቆው 44 ኪ.ሜ. ይመጣል።

ሪሲቨር ፈንክሽኑ (ከሩቅ መንቀጥቀጥ የመጣ ሞገድ ከጣቢያው ሥር ያለውን ድንበር የሚያሳይበት ዘዴ) ግን በዚህ አይስማማም። ደጋው ላይ ካሉት ሦስት ጣቢያዎች ሁለቱ 40 እና 41 ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው 34 እና 46 ላይ ሁለት ጫፍ ያወጣል። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ያለው ጣቢያ ካፓን (የቪፒ ለቪኤስ ሬሾን) 1.75 ላይ ካሰርኩት 36 ኪ.ሜ. ይላል፤ ነጻ ከለቀቅኩት ካፓ 2.05 ይሆንና ጥልቀቱ ወደ 26 ይወርዳል።

የዴንሲቲ ልዩነቱን እያስተካከልኩ ሁለቱን ማስማማት ይፈቀዳል? ወይስ ከሁለቱ በአንዱ ዳታ ውስጥ ስህተት አለ? ሦስተኛውን ጣቢያስ አማክዬ 40 ልበለው?

አዋሽ ዳር፦

ሰላም እህቴ። ከመጨረሻው ልጀምር፤ 34ን እና 46ን አታማክዪ። 40 ኪ.ሜ. ላይ ምንም ድንበር ላይኖር ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላይ በተካሄደው ኢግል በተባለው የሴይስሚክ ጥናት፣ በ2003 መጀመሪያ ላይ በጉድጓድ ውስጥ ፈንጂ እየተተኮሰ ስምጥ ሸለቆውን የሚያቋርጥ 400 ኪ.ሜ. መስመር ተለክቷል። በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ሥር፣ ከቅርፊቱ ግርጌ፣ የፒ ሞገድ በሰከንድ 7.4 ኪ.ሜ. ገደማ የሚሄድበትና 15 ኪ.ሜ. ያህል የሚወፍር ንብርብር ታይቷል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት የደጋውን ባዛልት ያፈሰሰው ማግማ ከሥር ገብቶ የረጋው ክፍል ነው ብሎ መውሰድ ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ የአንቺ ሦስተኛ ጣቢያ 34 ላይ የንብርብሩን አናት፣ 46 ላይ ግርጌውን እያየ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጪያቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ ሁለቱም ዳታ ትክክል ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው፣ የስበቱ ልዩነት በሙሉ ከሞሆ ነው የሚመጣው የሚለው ግምት ነው። ይህን በወረቀት ላይ ማየት ይቻላል። ሰፊ ጠፍጣፋ ንብርብር የሚያመጣው ስበት 41.93 ሲባዛ በዴንሲቲ ልዩነቱ፣ ሲባዛ በውፍረቱ በኪሎ ሜትር ነው። ልዩነቱ 0.4 ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር የሞሆ ለውጥ 16.8 ሚሊጋል ይሰጣል። ሪሲቨር ፈንክሽኑ እንደሚለው ሞሆውን 40 ላይ ካቆምሽው፣ ከ33 በላይ ያለው 7 ኪ.ሜ. −117 ሚሊጋል ብቻ ነው የሚያስረዳው። ቀሪው 113 ሚሊጋል የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። የዴንሲቲ ልዩነቱን በማስተካከል ልሸፍነው ካልሽ ደግሞ 0.78 ያስፈልግሻል። ማንትሉ 3.3 ቢሆን የታችኛው ቅርፊት 2.52 ሊሆን ነው ማለት ነው፤ ይህ የደለል ድንጋይ ዴንሲቲ እንጂ 35 ኪ.ሜ. ላይ ያለ ዐለት ዴንሲቲ አይደለም። ስለዚህ አይፈቀድም።

ስምጥ ሸለቆው ላይ ነገሩ የበለጠ ይጎላል። ሞሆው ከሰጠሽው 26 እና 36 መካከል፣ 32 ወይም 33 ኪ.ሜ. ላይ ከሆነ ከሞሆ የሚመጣው ስበት ዜሮ ወይም ጥቂት ፖዘቲቭ ነው መሆን ያለበት። የተለካው ግን −185 ነው። ከወለሉ ላይ ያለው ቀላል ሙሌት የተወሰነውን ይወስዳል፦ 2 ኪ.ሜ. የሚወፍር ፓሚስ፣ ኢግኒምብራይትና የሐይቅ ደለል በ−0.4 ልዩነት −34 ሚሊጋል ገደማ ነው። የቀረው ትልቁ ድርሻ ከሞሆ በታች ነው ያለው።

ማንትሉ ይህን መሸከም ይችላል? 0.03 ግ/ሴ.ሜ³ የሚቀልል፣ 100 ኪ.ሜ. የሚወፍር ንብርብር ማለቂያ በሌለው ስፋት 126 ሚሊጋል ይቀንሳል። ስፋቱ ሲወሰን ግን ያንሳል፤ አማካይ ጥልቀቱ 90 ኪ.ሜ. ሆኖ ስፋቱ 300 ኪ.ሜ. ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ይቀራል፣ ስፋቱ 1000 ኪ.ሜ. ከሆነ ደግሞ ዘጠኝ አስረኛው ገደማ። ከዚህ የተነሣ ሞዴልሽ መስመሩ ባለቀበት ማለቅ የለበትም። ከሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 500 ኪ.ሜ. አስረዝሚው፣ በጥልቀትም ከ150 እስከ 200 ኪ.ሜ. አውርጂው። 0.03 የሚለው ቁጥር በሙቀት ሲታሰብ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ልዩነት ነው። ቀዝቃዛው የሊቶስፌር ማንትል ሳስቶ ትኩሱ አስቴኖስፌር ወደ ላይ በወጣበት ጥልቀት ይህን ያህል ልዩነት ሊኖር ይችላል፤ እስከ 200 ኪ.ሜ. ድረስ ወጥ አድርጎ መዘርጋት ግን አይቻልም። ወደ ታች እየቀነሰ ይሂድ።

ከፍታውም ያው ምስክር ነው። 2400 ሜትር ደጋን ቅርፊት ብቻ ይሸከመው ካልን፣ በኤሪ ሚዛን (ደጋው በወፈረ የቅርፊት ሥር ተንሳፎ ይቆማል በሚለው ስሌት) 2.4 × 2.67 ÷ 0.4፣ ማለትም 16 ኪ.ሜ. ሥር ያስፈልጋል፤ ሞሆው 49 መሆን ነበረበት። ያለው ሥር 7 ወይም 8 ነው። የቀረውን ከፍታ የያዘው ከሥር ያለው ትኩስ ማንትል ነው። የአንቺ 47 ኪ.ሜ. ከኤሪው 49 ጋር የተቀራረበው፣ የቡጌ አኖማሊ ከፍታውን ስለሚከተል ብቻ ነው። ሞሆውን ስላየ አይደለም።

ሦስት አካል፦

አዋሽ ዳር ያለው ላይ የምጨምረው በሴይስሚኩ በኩል ነው። እህት፣ የስምጥ ሸለቆውን ጣቢያ 36ም 26ም ብለሽ ለመያዝ ገና ነው።

ከሰጠሽው ቁጥር ተነስቼ ሳሰላ የፒኤስ (ሞሆው ላይ ከፒ ወደ ኤስ የተቀየረው ሞገድ) መዘግየቱ 4.4 ሰከንድ አካባቢ ነው (ቪፒ 6.5፣ የጨረር ፓራሜትር 0.06 ሰ/ኪ.ሜ. ይዤ)። በዚህ መዘግየት ካፓ 1.75 ከሆነ 36፣ 1.85 ከሆነ 32፣ 2.0 ከሆነ 27.5፣ 2.05 ከሆነ 26 ኪ.ሜ. ይወጣል። አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚለዋወጠው፣ ጥልቀቱ ግን በ10 ኪ.ሜ. ይዋዥቃል። የቪፒ ግምት ግን ያን ያህል አይጎዳም፤ በ5 ሰከንድ መዘግየት 6.5ን ወደ 6.2 ብትቀይሪው 41.4 ኪ.ሜ. የነበረው 39.6 ይሆናል።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ካፓን ማሰር ላይ ነው፤ ካፓን የሚያስረው ደግሞ በቅርፊቱ ውስጥ ተመላልሶ የሚመጣው ሞገድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይህ የሚበላሸው በላዩ ባለው ለስላሳ ሙሌት ነው። ሞገዱ በሙሌቱ ውስጥ ይንጫጫል፣ ንጫጩም ፒኤሱ በሚመጣበት ሰዓት ላይ ይደርባል። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ራዲያል ሪሲቨር ፈንክሽኑ ላይ የመጀመሪያው ጫፍ ዜሮ ሰከንድ ላይ ሳይሆን 0.3 ወይም 0.5 ሰከንድ ዘግይቶ ይታያል፣ ተከትሎት ቁልቁል የሚወርድ ትልቅ ጉድጓድ ይመጣል። ይህን ካየሽ የተደራረበው ድምር (ስታክ) የሚያወጣው 2.05 የሙሌቱ እንጂ የቅርፊቱ ላይሆን ይችላል። ከሥሩ ማግማ ያለበት ቦታ እውነትም ካፓ ከፍ ይላል፣ 1.9ን ማለፉ ብቻ ስህተት ነው አያስብልም። ግን መጀመሪያ ንጫጩን አጥሪ።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ከ30 እስከ 90 ዲግሪ ርቀት ያሉ፣ መጠናቸው 5.5 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የመሬት መንቀጥቀጦችን መውሰድ፤ ከፒ መድረሻ 10 ሰከንድ በፊት እስከ 90 ሰከንድ በኋላ መቁረጥ፤ ከ0.05 እስከ 2 ኸርዝ ማጣራት፤ በታይም ዶሜይን ተደጋጋሚ ዲኮንቮሉሽን (ራዲያሉን ከቨርቲካሉ የማላቀቅ ስሌት) በጋውስ (የማለስለሻ ማጣሪያ) 1.0 እና በ2.5 ለየብቻ ማውጣት። ራዲያሉ ተመልሶ ሲሠራ ከ80 በመቶ በታች የሚገጥመውን መጣል። የሞሆው ጫፍ በሁለቱም ጋውስ ላይ በአንድ ሰዓት ከታየ እመኑት፤ በ2.5ቱ ላይ ተሰነጣጥቆ በ1.0ው ላይ አንድ ሰፊ ጉብታ ከሆነ ግን ድንበሩ ስለት ሳይሆን ቀስ እያለ የሚለወጥ ነው፣ ወይም ሁለት ድንበር ነው። ሦስተኛው የደጋ ጣቢያሽ ላይ በመጀመሪያ ይህን ሞክሪ።

ሌላው የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ጣጣ አቅጣጫ ነው። አብዛኛው የሚጠቅም መንቀጥቀጥ ከሰሜን ምሥራቅና ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፣ ከሂንዱ ኩሽና ከሱማትራ በኩል። ፒኤሱ ሞሆውን የሚቆርጠው ከጣቢያው 9 ወይም 10 ኪ.ሜ. ርቆ ነው፣ ተመላላሾቹ ደግሞ ከዚያም ርቀው። ጣቢያሽ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ቢሆን የምትለኪው የጠርዙን ሳይሆን የወለሉን ሞሆ ነው። ስለዚህ በአቅጣጫ ከፋፍለሽ ለየብቻ ደርቢ። ከዚያ 200 ጊዜ ቡትስትራፕ አድርጊና (መንቀጥቀጦቹን በዕጣ እየመረጥሽ ደግመሽ አስዪና) የስህተት ወሰኑን ከካፓ ጋር ያለውን ዝምድና ጨምሮ ለስበት ሞዴሉ አስተላልፊ። "32 ± 2" ብሎ ብቻ ማስተላለፍ በቂ አይደለም፣ ጥልቀቱና ካፓ ተያይዘው ስለሚንቀሳቀሱ።

ዳታ ካነሰሽ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው ቋሚ ጣቢያ የብዙ ዓመት መዝገብ በነጻ ይገኛል። የእርሱን ውጤት አውጥተሽ ቀድሞ ከታተመው ጋር ማስተያየት ለኮድሽ ጥሩ ፈተና ነው።

ቤዝ ስቴሽን፦

ማንም ስለ ስበት ዳታው አመጣጥ አልጠየቀም፤ እኔ ግን ከማንትሉ በፊት እዚያ ላይ ነው የምቆመው። 113 ሚሊጋል የሚያህል ልዩነት ከመስክ ስህተት አይመጣም፣ ልክ ነው። ከ10 እስከ 30 ሚሊጋል ግን በደንብ ይመጣል፣ ያ ደግሞ እስከ 2 ኪ.ሜ. ገደማ ሞሆ ነው።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ፍሪ ኤርና ቡጌ የተባሉት የከፍታ እርማቶች ተደምረው በ2.67 ዴንሲቲ በሜትር 0.197 ሚሊጋል ይሰጣሉ። በእጅ ጂፒኤስ የተወሰደ ከፍታ 10 ሜትር ቢስት 2 ሚሊጋል ነው። የድሮዎቹ ነጥቦች በአየር ግፊት አልቲሜትር ወይም ከካርታ ላይ በተነበበ ከፍታ የተሠሩ ሲሆኑ፣ አዲሶቹ በጂፒኤስ ከኤሊፕሶይድ በላይ የተለኩ ናቸው። ሁለቱን ወደ አንድ መነሻ ሳያመጡ መቀላቀል ዘመቻ ከዘመቻ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ የሐሰት እርከን ይፈጥራል። የኬክሮሱን ልዩነት ማንም አይረሳም፤ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ በኪሎ ሜትር 0.25 ሚሊጋል ብቻ ስለሆነ የ100 ሜትር የቦታ ስህተት አይጎዳም። ከፍታ ግን ይጎዳል።

ሁለተኛው የመልክዓ ምድር እርማት ነው። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ በአጭር ርቀት ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እርማቱን እስከ 167 ኪ.ሜ. ራዲየስ አድርሺው፤ ለቅርቡ (እስከ 2 ወይም 3 ኪ.ሜ.) 30 ሜትር የሆነውን ኤስአርቲኤም የከፍታ ካርታ፣ ለሩቁ ጎርበጥ ያለውን። እርማቱ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ብትተዪው ጠርዙ ላይ የሐሰት ዝቅታ ይተዋል፤ ሞዴሉም እዚያ ቦታ ቅርፊቱን ያወፍርልሻል።

ሐይቆቹን እዩ። የከፍታ ካርታው የሚያሳየው የውሃውን ፊት ነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ዐለት አድርጎ ይቆጥረዋል። ቆቃ ጥልቀት ስለሌለው ችግር የለውም። ግሪድሽ ወደ ደቡብ ሰፍቶ ሻላን ከነካ ግን፣ ሻላ እስከ 266 ሜትር ይወርዳል። 200 ሜትር ውሃ በዐለት ተተክቶ ሲቆጠር 0.0419 × 1.67 × 200፣ 14 ሚሊጋል ነው፤ ሐይቁ ዳር የቆመ ነጥብም ከዚህ የተወሰነውን ይካፈላል።

በመጨረሻ፣ ዳታሽ መስክ ላይ የተለካ ነው ወይስ ከዓለም አቀፍ ሞዴል የወረደ? ኢጂኤም2008 ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የአጭር ሞገድ ርዝመቱ ክፍል የተሞላው ከመልክዓ ምድር በተሰላ ስበት ነው። በዚያ ላይ የመልክዓ ምድር እርማት ሠርቶ ስለ ቅርፊቱ ማውራት፣ ራስ የጻፉትን ደብዳቤ ራስ እንደ ማንበብ ነው። ከጎቼ ሳተላይት የተገኘው ክፍል ግን እስከ 80 ወይም 100 ኪ.ሜ. ግማሽ ሞገድ ርዝመት ድረስ እውነተኛ ልኬት ነው። ለማንትሉ ጥያቄ የሚበቃው እሱ ነው።

ትግስት ጂኦ፦

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሼ ቤዝ ስቴሽን፣ መስመሩ ላይ ያለው በመስክ የተለካ ነው፣ ከ4 እስከ 5 ኪ.ሜ. ልዩነት፤ ከመስመሩ ውጭ ያለው ግሪድ ግን ከኢጂኤም2008 ነው። የከፍታውን መነሻ እንደገና አየዋለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቦሰት እሳተ ገሞራ አካባቢ 20 ኪ.ሜ. ስፋት ያለው ወደ 20 ሚሊጋል የሚደርስ የስበት ጉብታ አለ፤ ኢንቨርዥኑ (ከዳታው ተነስቶ ሞዴሉን የሚፈልገው ስሌት) ሞሆውን ወደ ላይ እየጎተተ ነው የሚያስገጥመው። ሁለተኛ፣ የማንትሉን ዴንሲቲ ከኤስ ሞገድ ቶሞግራፊ (የሞገድ ፍጥነትን በጥልቀት ከሚያሳየው ምስል) በቀጥታ ብቀይረውስ? ለቅርፊቱ ፍጥነትን ወደ ዴንሲቲ የሚቀይረውን የጋርድነርን ቀመር እየተጠቀምኩ ነው።

አዋሽ ዳር፦

ጋርድነርን ተዪው፤ ለደለል የተሠራ ነው። 6.8 ኪ.ሜ./ሰ ላይ ጋርድነር 2.82 ይልሻል፣ የናፌና ድሬክ ኩርባ በብሮቸር ቀመር 2.91 ይላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ 20 ኪ.ሜ. በሚወፍር የታችኛ ቅርፊት ላይ ግን ከ75 ሚሊጋል በላይ ነው፣ ከምትፈልጊው የማንትል ምልክት ጋር እኩል ማለት ይቻላል። በዚያው ኩርባ 7.4ቱ ንብርብር 3.09 ይወጣል። ከተራው የታችኛ ቅርፊት በ0.15 ስለሚከብድ 15 ኪ.ሜ.ው +94 ሚሊጋል ይጨምራል። ንብርብሩ ባለበት ቦታ ማንትሉ የሚሸከመው ጉድለት በዚያው ልክ ያድጋል። ሞዴልሽ ውስጥ ካላስገባሽው ሰሜን ምዕራቡና አርሲው በማንትል አይለያዩም ትያለሽ፣ የሚለያዩ ሆነው ሳለ።

የቦሰቱ ጉብታ ከሞሆ አይደለም። ከፍታው ግማሽ በሚሆንበት ቦታ ያለው ግማሽ ስፋት 10 ኪ.ሜ. ከሆነ፣ ክብ ለሆነ አካል የመሐሉ ጥልቀት ከ13 ኪ.ሜ. አይበልጥም፣ እንደ ስምጥ ሸለቆው ለተዘረጋ ሲሊንደር ደግሞ 10 ነው። ቅርፊቱ ውስጥ የገባ ባዛልታዊ ዐለት ነው። በኢግል መስመር ላይም ቦሰት ሥር ከፍተኛ ፍጥነትና ከፍተኛ ስበት አብረው ታይተዋል። ኢንቨርዥኑ ሞሆውን በ20 ኪ.ሜ. ስፋት እንዳያንቀሳቅስ በልስላሴ ገደብ ከልክዪው፣ በምትኩ ከ5 እስከ 15 ኪ.ሜ. ጥልቀት ባለው ክፍል ዴንሲቲውን ነጻ ልቀቂ።

የኤስ ሞገዱን በቀጥታ መቀየር እዚህ አገር አያዋጣም። የሙቀት ቀመሮቹ ፍጥነት የሚቀንሰው በሙቀት ብቻ ነው ብለው ይነሳሉ። አንድ ወይም ሁለት በመቶ ቅላጭ (የቀለጠ ዐለት) ሲኖር ግን የኤስ ፍጥነት በብዙ ይወርዳል፣ ዴንሲቲው ግን ምንም ያህል አይነካም። ቀጥታ ከቀየርሽው ስምጥ ሸለቆው ሥር ያለው ማንትል ከልክ በላይ ይቀልልና ስበቱ ከተለካው በታች ይሄዳል። እኔ የምመክርሽ የቶሞግራፊውን ቅርጽ ብቻ ወስደሽ፣ የዴንሲቲውን መጠን ከስበቱ ማግኘት ነው፦ ሞሆውን በሪሲቨር ፈንክሽኑ የስህተት ወሰን ውስጥ አስሪ፣ ቅርፊቱን በናፌና ድሬክ ሙዪ፣ የቅርፊቱን ስበት ከተለካው ላይ ቀንሺ። የቀረውን ከ100 ኪ.ሜ. በላይ የሞገድ ርዝመት ላይ አጣርተሽ ከቶሞግራፊው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጪው። አንድ የመቀየሪያ ቁጥር ደጋውንም ስምጥ ሸለቆውንም ካልገጠመ፣ ስምጥ ሸለቆው ላይ ያለው ትርፍ የፍጥነት ቅናሽ የቅላጩ ድርሻ ነው ማለት ነው።

ሦስት አካል፦

በአንድ ላይ ኢንቨርት የምታደርጊ ከሆነ የሁለቱን ዳታ ክብደት በነጥብ ብዛት አትስጪ። የስበቱ ነጥብ 70 ገደማ፣ ጣቢያው አራት ነው፤ ስበቱ ይውጠዋል። እያንዳንዱን በራሱ የስህተት መጠን አካፍዪ፣ ከዚያ በቡድን ብዛት። የስበቱ ስህተት ደግሞ የመሣሪያው 0.01 ሚሊጋል ሳይሆን የከፍታውና የእርማቱ 2 ወይም 3 ሚሊጋል ነው። መሣሪያውን ካመንሽ ሞዴሉ ድምፁን ሁሉ ዐለት ያደርግልሻል።